ካሜራው ያየው ወይስ ካሜራው የፈጠረው?
ከጉዞ በፊት በፎቶግራፍ ላይ የሚታዩ እንግዳ ምልክቶችን የመለየት ፊዚክስ

ዲጂታል ካሜራ በዘመናችን ከመለኪያ መሣሪያዎች ሁሉ እጅግ ከተስፋፉት አንዱ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በተማሪው ኪስ ውስጥ ባለው ተንቀሳቃሽ ስልክ፣ በጋዜጠኛው ትከሻ ላይ በተንጠለጠለው ካሜራና ከዋክብትን በሚያጠናው ቴሌስኮፕ ውስጥ የሚሠራው መሠረታዊ ሕግ አንድ ነው። ይሁን እንጂ ብዙዎቻችን ካሜራን የምንመለከተው እንደ መስኮት እንጂ እንደ መለኪያ አይደለም። መስኮት ከወዲያ በኩል ያለውን ብቻ ያሳያል፤ መለኪያ ግን የሚለካውን ነገርና የራሱን ጠባይ ቀላቅሎ ያቀርባል። በፎቶግራፍ ላይ ያልጠበቅነው ነጥብ፣ መስመር ወይም ቀለም በታየ ጊዜ «ይህ ከውጭ የመጣ ነው ወይስ መሣሪያው የፈጠረው?» የሚለው ጥያቄ የሚነሣው በዚህ ምክንያት ነው።

ጥያቄው በጉዞ ዋዜማ ሲነሣ ክብደቱ ይጨምራል። ለአብነት ያህል ለመስክ ጥናት ወደ ዳሎልና ወደ ኤርታሌ የሚጓዝ የተማሪዎች ቡድን እናስብ። ዳሎል እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1966 በተሰበሰበው መረጃ መሠረት ዓመታዊ አማካይ ሙቀቱ 34.6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል የነበረ፣ በዓለም ላይ እጅግ ሞቃት ከሚባሉት ስፍራዎች የሚመደብ አካባቢ ነው። በጨው ሜዳው ላይ ካሜራ ጠጋኝም ሆነ የሜሞሪ ካርድ ነጋዴ አይገኝም። ቡድኑ ተመልሶ ፎቶግራፎቹን ሲመረምር ከእሳተ ገሞራው ጭስ በላይ ጥቁር ነጥብ፣ በቀለጠው ዐለት ጠርዝ ላይ ደግሞ ወይን ጠጅ ቀለም ቢያይ ምን ብሎ ይመዘግባል? ነጥቡ ወፍ ነው፣ የተወረወረ የዐለት ስባሪ ነው ወይስ አቧራ? ካሜራው አስቀድሞ ካልተፈተሸ ለዚህ ጥያቄ በእርግጠኝነት መልስ መስጠት አይቻልም። ጉዞውንም እንደገና ማድረግ ቀላል አይሆንም።

አባቶቻችን «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» እንዲሉ፣ በዚህ ጽሑፍ የብርሃንን መንገድ ከሌንሱ እስከ ሜሞሪ ካርዱ ድረስ እየተከተልን እንግዳ ምልክቶች የት የት እንደሚወለዱ እንመለከታለን። ለፍተሻው የሚያስፈልጉት ነጭ ግድግዳ፣ የሌንስ ክዳን፣ የሰዓት እጅና ትዕግሥት ብቻ ናቸው።

ከብርሃን ወደ ቁጥር

የዲጂታል ካሜራ ልብ ሴንሰር የሚባለው ስስ የሲሊከን ገበታ ነው። በገበታው ላይ ፒክስል የሚባሉ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ጥቃቅን የብርሃን ማጠራቀሚያዎች በረድፍና በአምድ ተደርድረዋል። የብርሃን ቅንጣት የሆነው ፎቶን ሲሊከኑን በመታው ጊዜ፣ ጉልበቱ ከ1.12 ኤሌክትሮን ቮልት ያህል የበለጠ ከሆነ፣ አንድ ኤሌክትሮን ከታሰረበት ያስለቅቃል። በክረምት በግቢ ውስጥ የተደረደሩ ጣሳዎች እንደየቦታቸው የዝናብ ውሃ እንደሚያጠራቅሙ ሁሉ፣ ፒክስሎቹም በደረሳቸው ብርሃን ልክ ኤሌክትሮኖችን ያጠራቅማሉ። ከዚያም የእያንዳንዱ ፒክስል ክምችት ተለክቶ ወደ ቁጥር ይለወጣል። ባለ 12 ቢት መለወጫ ያለው ካሜራ ለእያንዳንዱ ፒክስል ከ0 እስከ 4095 ያለውን አንድ ቁጥር ይሰጣል። ፎቶግራፍ የምንለው እንግዲህ የእነዚህ ቁጥሮች ሰንጠረዥ ነው።

የዚህ ቴክኖሎጂ መነሻ የሆነውን ሲሲዲ የተባለ ሴንሰር ዊላርድ ቦይልና ጆርጅ ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1969 በአሜሪካ ቤል ላቦራቶሪ የፈለሰፉት ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2009 የፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ተካፋዮች ሆነዋል። ስቲቨን ሳሰን የተባለ የኮዳክ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1975 የሠራው የመጀመሪያው ተንቀሳቃሽ ዲጂታል ካሜራ 10,000 ፒክስሎች ብቻ ነበሩት፤ አንዱን ምስል በካሴት ላይ ለመመዝገብም 23 ሰኮንዶች ይፈጅበት ነበር። ዛሬ በአብዛኞቹ ስልኮችና ካሜራዎች የሚገኘው ሲሞስ የተባለው ሴንሰር ነው።

ሲሊከን በራሱ ቀለም አይለይም። ስለዚህ ብራይስ ቤየር የተባለው ሳይንቲስት ባቀደው አሠራር መሠረት በፒክስሎቹ ላይ ቀለም ያላቸው ጥቃቅን ማጣሪያዎች ይደረጋሉ፤ ግማሾቹ አረንጓዴ፣ ሩቦቹ ቀይ፣ ሩቦቹ ሰማያዊ ናቸው። እያንዳንዱ ፒክስል አንዱን ቀለም ብቻ ይለካል፤ የቀሩትን ሁለቱን የካሜራው ኮምፒዩተር ከጎረቤት ፒክስሎች አስልቶ ይሞላል። ደቃቅ ሽመና ያለው ልብስ በፎቶግራፍ ላይ አንዳንድ ጊዜ የሌለውን የቀስተ ደመና ዓይነት ቀለም የሚያሳየውም ስሌቱ በደቃቁ ድርና ማግ ስለሚሳሳት ነው። የምስሉ የቀለም መረጃ ሁለት ሦስተኛው በስሌት የተገኘ መሆኑን ማስታወስ ለቀጣዩ ሐተታ ይጠቅመናል።

አንድ ነገር ብቻ መለወጥ

የፍተሻው ሕግ አጭር ነው፦ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ለውጥ፤ ሌላውን ሁሉ እንዳለ ተወው። ትዕይንቱ ተለውጦ ምልክቱ በዚያው ቦታ ከቀረ ምንጩ ካሜራው ነው። ሌንሱ ተለውጦ ከቀረ ምንጩ ሌንሱ አይደለም። ካርዱ ሲለወጥ ከጠፋ ምንጩ ካርዱ ነው ብለን እንጠረጥራለን፤ የቀድሞውን ካርድ መልሰን ስናስገባ ምልክቱ ከተመለሰ ደግሞ ጥርጣሬያችን ይጸናል። በላቦራቶሪ ተለዋዋጮችን ለይቶ መቆጣጠር የምንለው ይህንኑ ነው። ሌንስ፣ ካርድና ባትሪ በአንድ ጊዜ የለወጠ ሰው ምልክቱ ቢጠፋለት እንኳ የትኛው እንዳዳነው አያውቅም፤ ችግሩ በመንገድ ላይ ሲመለስም ከመጀመሪያው መጀመር ይኖርበታል።

ቅድሚያ የሚሰጠው ጥያቄ «ምልክቱ በምስሉ ውስጥ ነው ወይስ በማሳያው ላይ?» የሚለው ነው። ያንኑ ፋይል በሌላ ኮምፒዩተር መክፈት ይበቃል። በአንደኛው ታይቶ በሌላኛው ካልታየ ካሜራው ነጻ ነው።

በሰማይ ላይ ያለ ጥቁር ነጥብ

ሌንሳቸው በሚነቀል ካሜራዎች ላይ እጅግ የሚዘወተረው ምልክት በሰማይ ወይም በግድግዳ ላይ የሚታይ ደብዛዛ ጥቁር ክብ ነው። ምክንያቱ በሴንሰሩ ፊት ባለው መስታወት ላይ ያረፈ አቧራ ሲሆን፣ የምናየው የአቧራውን ጥላ ነው። በጠራ ፀሐይ የምሰሶ ጥላ ጥርት ብሎ ይወድቃል፤ ሰማዩ በሙሉ በደመና ተሸፍኖ ብርሃኑ ከየአቅጣጫው ሲመጣ ግን ጥላው ይጠፋል። የሌንሱ የብርሃን መግቢያ ሲጠብብ፣ ለምሳሌ ኤፍ 22 ላይ፣ ብርሃኑ ከጠባብ አቅጣጫ ስለሚመጣ የአቧራው ጥላ ጎልቶ ይታያል። መግቢያው ወደ ኤፍ 4 ሲሰፋ ጥላው ይበተናል።

ፍተሻው እንዲህ ነው። ሌንሱን በነጭ ግድግዳ ላይ አነጣጥሮ፣ ትኩረቱን አደብዝዞ፣ መግቢያውን አጥብቦ፣ ሹተሩን ለአንድ ሰኮንድ ያህል ከፍቶ፣ በዚያ ጊዜ ውስጥ ካሜራውን ወዲያና ወዲህ እያንቀሳቀሱ ማንሣት። የግድግዳው እድፍ ሁሉ በእንቅስቃሴው ይደመሰሳል፤ የሴንሰሩ አቧራ ግን ከካሜራው ጋር ስለሚንቀሳቀስ ባለበት ይቀራል። ሌንስ ምስልን ገልብጦ ስለሚጥል በፎቶግራፉ አናት የታየው አቧራ በሴንሰሩ ላይ ያለው ከታች በኩል መሆኑን ልብ ይሏል።

ከሌንሱ ፊት ያለ አቧራ ወይም ቀጭን ጭረት ግን እንዲህ ያለ ነጥብ አይፈጥርም። ወደ ፀሐይ አቅጣጫ ሲነሣ ምስሉን ጉም የለበሰ ያስመስለዋል እንጂ ለብቻው ተለይቶ አይታይም። ስለዚህ ጥቁር ነጥብ ያየ ሰው የሌንሱን ፊት ደጋግሞ ቢፈትግ ሌንሱን ይጎዳል፤ ነጥቡም አይጠፋም።

በጨለማ የሚበሩ ፒክስሎች

ሁለተኛው ምልክት በሌሊት ፎቶግራፍ ላይ የሚታዩ ቀይ፣ ሰማያዊ ወይም ነጭ ጥቃቅን ነጥቦች ናቸው። ኤሌክትሮንን የሚያስለቅቀው ብርሃን ብቻ አይደለም፤ ሙቀትም ያስለቅቃል። ይህ የጨለማ ፍሰት በመባል ይታወቃል። በአሠራር እንከን ምክንያት ፍሰቱ ከሌሎቹ እጅግ የሚበዛባቸው ፒክስሎች ትኩስ ፒክስሎች ይባላሉ። ከ10 ሚሊዮን ፒክስሎች መካከል ከሚሊዮን አንዱ ብቻ እንከን ቢኖርበት እንኳ 10 ነጥቦች ይታያሉ። ስለዚህ ጥቂት ትኩስ ፒክስሎች ማየት የሚያስደነግጥ አይደለም።

የጨለማ ፍሰት ሙቀቱ ከ6 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በጨመረ ቁጥር በግምት እጥፍ ይሆናል። ሴንሰሩ በአዲስ አበባ ክፍል ውስጥ 20፣ በዳሎል ደግሞ 44 ዲግሪ ቢሆን ልዩነቱ 24 ዲግሪ ነው። በ8 ዲግሪ ስሌት ሦስት ጊዜ እጥፍ፣ ማለትም 8 ጊዜ፤ በ6 ዲግሪ ስሌት ደግሞ አራት ጊዜ እጥፍ፣ ማለትም 16 ጊዜ ይበዛል። በደጋ ንጹሕ ሆኖ የታየ ካሜራ በቆላ ሌሊት «ከዋክብት» ቢያበዛ መሣሪያው በድንገት ተበላሽቷል ማለት አይደለም፤ የተፈተሸው በሌላ ሙቀት ነበር ማለት ነው።

ለፍተሻው የሌንሱን ክዳን ከድኖ፣ በዐይን የምንመለከትበትንም ቀዳዳ ሸፍኖ፣ በ1/60፣ በ1 እና በ30 ሰኮንድ ሦስት ሦስት ፎቶግራፎች ማንሣት ነው። ከጊዜው ርዝመት ጋር የሚደምቁት ትኩስ ፒክስሎች ናቸው። በሁሉም እኩል የሚበሩት ሥራ ያቆሙ ፒክስሎች ናቸው። ከሦስቱ በአንዱ ብቻ ታይቶ የሚጠፋ ነጥብ ካለ ከጠፈር የሚመጣ የኮስሚክ ጨረር ቅንጣት ሴንሰሩን አቋርጦ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለው ጨረር በከፍተኛ ቦታዎች ከባሕር ዳርቻ ይልቅ ይበዛል።

መድኃኒቱም ከፍተሻው ይገኛል። በመስክ ላይ ከእያንዳንዱ ረጅም ፎቶግራፍ በኋላ ክዳኑን ገጥሞ በተመሳሳይ ጊዜ አንድ የጨለማ ፎቶግራፍ መውሰድ፣ ኋላም በኮምፒዩተር ሁለተኛውን ከመጀመሪያው መቀነስ ነው። የሥነ ፈለክ ተመራማሪዎች ይህን የሚያደርጉት እንደ ዕለት ተግባር ነው። ብዙ ካሜራዎችም ሥራውን በራሳቸው የሚፈጽሙበት ቅንብር አላቸው።

መስመሮች፣ ክቦችና የፍም ቀለም

በክፍል ውስጥ በተነሣ ፎቶግራፍ ላይ የሚታዩ አግድም ጥቁርና ብሩህ ቅዳዎች ብዙ ጊዜ ከመብራቱ የሚመጡ ናቸው። በሀገራችን የኤሌክትሪክ ኃይል በሰኮንድ 50 ዑደት ስለሚያደርግ በርካታ መብራቶች በሰኮንድ 100 ጊዜ ይደምቃሉ፤ ይፈዝዛሉ። የሲሞስ ሴንሰር ረድፎቹን በተራ እንጂ በአንድ ጊዜ ስለማያነብ፣ ሹተሩ 1/1000 ሰኮንድ ብቻ ሲከፈት አንዳንዱ ረድፍ ድምቀቱን፣ ሌላው ፍዘቱን ያገኛል። ሹተሩን 1/100 ወይም 1/50 ላይ ስናደርገው እያንዳንዱ ረድፍ ሙሉ የድምቀት ዑደት ስለሚያገኝ ቅዳዎቹ ይጠፋሉ። በፀሐይ ብርሃንም የሚታዩ ከሆነ ግን ጥርጣሬው ወደ ሴንሰሩ ይዞራል።

ሲሲዲ ሴንሰር ባላቸው የቆዩ ካሜራዎች ላይ ከፀሐይ ወይም ከአምፖል ወደ ላይና ወደ ታች የሚዘረጋ ብሩህ ቀጥ ያለ መስመር ይታያል። ኤሌክትሮኖቹ በአምዱ ላይ እየተቀባበሉ ወደ መለኪያው ሲጓዙ በብሩሁ ቦታ በኩል በሚያልፉበት ጊዜ ተጨማሪ ኤሌክትሮን ስለሚቀላቀልባቸው ነው። ካሜራውን አዘንብሎ መመልከት ይበቃል፤ መስመሩ ከካሜራው ጋር አብሮ ከዘነበለ ምንጩ ሴንሰሩ ነው። ይህ የዚያ ሴንሰር ጠባይ እንጂ ብልሽት አይደለም።

በሌሊት በፍላሽ በተነሡ ፎቶግራፎች ላይ በአየር የተንሳፈፉ የሚመስሉ ነጫጭ ክቦችም አሉ። አንዳንዶች እነዚህን የመናፍስት ምልክት አድርገው ይወስዷቸዋል። በትናንሽ ካሜራዎች ፍላሹ ለሌንሱ እጅግ ቅርብ ስለሆነ ከሌንሱ ፊት የሚያልፍ አቧራ ወይም የካፊያ ጠብታ ብርሃኑን መልሶ ይልከዋል፤ ከትኩረት ርቀት ውጭ ስለሆነም እንደ ሰፊ ክብ ይታያል። ፍላሹን አጥፍቶ፣ ካሜራውን በማቆሚያ ላይ አስደግፎ ማንሣት ጥያቄውን ይፈታዋል።

ወደ ኤርታሌ ለሚሄድ ቡድን ልዩ ትኩረት የሚሻው የቀለም ጉዳይ ነው። ሲሊከን ዐይናችን የማያየውን የኢንፍራሬድ ብርሃን ያያል። አምራቾች ይህን የሚከለክል ማጣሪያ ቢያደርጉም ጥቂቱ ሾልኮ ሊገባ ይችላል። የቴሌቪዥን ሪሞት ኮንትሮልን ወደ ካሜራው አነጣጥረን ቁልፉን ስንጫን በስክሪኑ ላይ የሚታየው ወይን ጠጅ ወይም ነጣ ያለ ብርሃን ለዚህ ማስረጃ ነው። በቡና ሰዓት የከሰሉን ፍም ማንሣትም ጥሩ ፈተና ነው፤ በአንዳንድ ካሜራዎች ፍሙ ለዐይን ብርቱካናማ ሆኖ ሳለ በፎቶግራፍ ወደ ወይን ጠጅ ያደላል። ካሜራው በፍም ላይ ይህን ካሳየ በቀለጠ ዐለት ላይ የሚያሳየውን ወይን ጠጅ ቀለም የማዕድን ምልክት አድርጎ መመዝገብ አይገባም።

የተቀደደ ምስል

ከሁሉም የሚያስደነግጠው ምስሉ ተቆራርጦ፣ ቀለሙ ተዘበራርቆ ሲታይ ነው። እዚህ ላይ ሁለት ፈጽሞ የተለያዩ ሕመሞች በመልክ ይመሳሰላሉ። የመጀመሪያው የካርዱ ነው። ጄፔግ በተባለው የአመዘጋገብ ዘዴ ምስሉ 8 በ8 ፒክስል በሆኑ አራት ማዕዘኖች ተከፋፍሎ ይታመቃል። በመካከል ጥቂት መረጃ ከጠፋ ከዚያ በታች ያለው ክፍል ግራጫ ይሆናል፣ ወደ ጎን ይሸሻል ወይም ቀለሙ ይለወጣል። ሁለተኛው የሴንሰሩ ነው፤ በዚህ ጊዜ ምስሉ በሙሉ በመስመሮች ይሞላል ወይም ወደ ሐምራዊነት ይለወጣል።

ሁለቱን የሚለያቸው አንድ ጥያቄ ነው፦ እንግዳው ነገር ፎቶግራፉ ከመነሣቱ በፊት በስክሪኑ ላይ ይታያልን? ከታየ መረጃው ገና ካርዱ ላይ አልደረሰምና ካርዱን መውቀስ አይቻልም። ሕያው ትዕይንቱ ንጹሕ ሆኖ የተመዘገበው ፋይል ብቻ ከተበላሸ ካርዱን መለወጥና ፍተሻውን መድገም ነው። የተጠረጠረው ካርድ ያሉት ምስሎች ወደ ኮምፒዩተር ሳይገለበጡ እንደገና ሊሠራበት አይገባም።

ሁለተኛው ሕመም በታሪክ የታወቀ ምሳሌ አለው። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2005 ሶኒ የሠራቸው አንዳንድ የሲሲዲ ሴንሰሮች በውስጣቸው ያለው የሽቦ ግንኙነት እየተላቀቀ መሆኑ ይፋ ሆነ። ሴንሰሮቹ በበርካታ ኩባንያዎች ካሜራዎች ውስጥ ይገኙ ስለነበር ካኖንን፣ ኒኮንንና ፉጂፊልምን የመሳሰሉ ድርጅቶች ማስታወቂያ አውጥተው እንከን ያለባቸውን በነጻ ጠገኑ። የተጎዱት ካሜራዎች የተዛባ ምስል ያሳዩ ወይም ጭራሹኑ ምስል አልባ ይሆኑ ነበር። ለእኛ ትምህርት የሚሆነው ችግሩ በተለይ በሞቃትና እርጥበት አዘል ስፍራዎች መባባሱ ነው። ሙቀት ደካማውን ግንኙነት ያጋልጣል፤ በቀዝቃዛ ጠዋት አልፎ አልፎ ብቻ የሚታይ እንከን በቆላ ቀትር ላይ ዘላቂ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ አንድ ጊዜ ታይቶ የጠፋ የሴንሰር ምልክትን «ለቀቀው» ብሎ ማለፍ አይገባም።

የታወቀ እንከን ይታረማል

እንከኑ የተገኘበት ካሜራ ሁሉ ከጉዞ ይቀራል ማለት አይደለም። ለዚህ ትልቁ ምስክር ሃብል የጠፈር ቴሌስኮፕ ነው። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 1990 ወደ ጠፈር ሲወጣ የላካቸው የከዋክብት ምስሎች በብርሃን ጭጋግ የተከበቡ ነበሩ። ሊቃውንቱ የጭጋጉን ቅርጽ መርምረው 2.4 ሜትር ስፋት ያለው መስተዋት በጠርዙ በኩል በ2.2 ማይክሮሜትር ያህል ከሚገባው በላይ ዝርግ ሆኖ መሠራቱን ደረሱበት። መነሻውም መስተዋቱ የተፈተነበት መሣሪያ ውስጥ አንድ ሌንስ 1.3 ሚሊሜትር ከቦታው ርቆ መቀመጡ ነበር። የስሕተቱ መጠን በትክክል ስለታወቀ የዚያን ተቃራኒ የያዙ ማረሚያዎች ተሠሩ፤ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1993 ጠፈርተኞች ገጠሟቸውና ምስሉ ጠራ። መስተዋቱ ግን አልተለወጠም።

ለተማሪዎቻችን ቡድንም የሚሆነው ይኸው ነው። ፍተሻው ከጉዞው ሁለት ሳምንት በፊት ቢጀመር ለጥገና ወይም ለመዋስ ጊዜ ይተርፋል። በመጀመሪያው ቀን የነጭ ግድግዳውና የጨለማው ፎቶግራፎች በማለዳ ቅዝቃዜ፣ ከዚያም በቀትር ሙቀት ይነሡ። ካሜራውን በፀሐይ ላይ መጣል ግን አያስፈልግም፤ በሞቀ ክፍል ውስጥ ለአንድ ሰዓት ያህል መሥራቱ ይበቃል። ካርዶቹ እስኪሞሉ ተነሥቶባቸው ፋይሎቹ አንድ በአንድ ይከፈቱ። አቧራ ከተገኘ በእጅ በሚጨመቅ የአየር መንፊያ ይጽዳ። በአፍ እፍ ማለት ምራቅ ያሳርፋል፤ በነጠላ ጫፍ መጥረግም መስታወቱን ይጭራል። በጨው ሜዳ ላይ ሌንስ መለወጥ ከተቻለ ይቅር፤ ካልተቻለ በመኪና ውስጥ መስኮት ተዘግቶ፣ የካሜራው አፍ ወደ ታች ተደፍቶ ይሁን።

የፍተሻው ፎቶግራፎችም አይጣሉ። በመስክ ማስታወሻው የመጀመሪያ ገጽ ላይ የካሜራው ዓይነት፣ የፍተሻው ቀንና ሙቀት፣ የታወቁት ነጥቦችም ያሉበት ቦታ ይመዝገብ። ቡድኑ ተመልሶ ውጤቱን ሲያቀርብ ከአድማጮቹ አንዱ በጭሱ ላይ ያለውን ጥቁር ነጥብ ጠቁሞ «ይህ ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። በዚያን ጊዜ ከጉዞው በፊት የተነሣውን የነጭ ግድግዳ ፎቶግራፍ ጎን ለጎን ማሳየት ይቻላል። ነጥቡ በሁለቱም ላይ በአንድ ቦታ ካለ አቧራ ነው። በግድግዳው ላይ ከሌለ፣ በመስኩም ከዚያ በፊትና በኋላ በተነሡት ምስሎች በዚያው ቦታ ካልታየ፣ እውነተኛው ምርምር የሚጀመረው ከዚያ ነጥብ ነው።